«ት/ቤት» ቤት አይደለም፦ ክፍት መልሶችን በኮምፒውተር የመመደብ ሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻው ይህ ነው። የአንድ ቃለ መጠይቅ የመጨረሻ ጥያቄ ክፍት ነው፦ «አሁን በኑሮዎ ከሁሉ በላይ የሚያሳስብዎ ምንድን ነው?» መላሹ በቃሉ ይናገራል፣ መረጃ ሰብሳቢው ታብሌት ላይ በአማርኛ ይጽፈዋል። 2,400 መልሶች አሉ። የሰበሰቧቸው 40 መረጃ ሰብሳቢዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 60 ሰው አነጋግረዋል። አካባቢዎቹ 8 ሲሆኑ በእያንዳንዱ 5 ሰብሳቢ ተሰማርቷል። ምድቦቹ 9 ናቸው፤ እዚህ የምንከተለው ግን «መኖሪያ ቤት» የሚለውን ብቻ ነው። ሂደቱ ለሁሉም አንድ ሲሆን ጣጣው ጎልቶ የወጣው በዚህኛው ላይ ነው። ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ሁለት ነው፦ ስንት በመቶው የቤትን ነገር አነሣ? አካባቢዎቹስ በዚህ ይለያያሉ?

1ኛ ቀን፦ ፋይሉ

ጥሬው ፋይል ለንባብ ብቻ እንዲሆን ተዘግቶ ተቀመጠ። ከዚህ በኋላ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ በስክሪፕት ነው፤ በእጅ የተስተካከለ አንድ ሕዋስ እንኳ ከስድስት ወር በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

ሲኤስቪ ፋይልን በቀጥታ በኤክሴል መክፈት ሁለት ነገር ያበላሻል። ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 ተጽፎ መጀመሪያው ላይ የመለያ ምልክቱ ከሌለ የግዕዙ ፊደል በሙሉ ወደማይነበብ ምልክት ይቀየራል። ይኼ ቢያንስ ዓይን ያየዋል። የማይታየው ሁለተኛው ነው፦ 0047 የነበረው የመላሹ መለያ 47 ሆኖ ይቀመጥና መልሱ ከዋናው መጠይቅ ጋር ሲገናኝ ያ ረድፍ በዝምታ ይወድቃል። መለያውን ሁልጊዜ እንደ ጽሑፍ አስነብቡት፤ ከማገናኘት በፊትና በኋላም ረድፍ ቁጠሩ። 2,400 ገብቶ 2,400 መውጣት አለበት።

መልሶቹ ውስጥ የሰው ስምና ስልክ ቁጥር አለ። ስልኩን ተከታታይ አሃዞችን በመፈለግ መሸፈን ይቻላል። ስም ግን እንዲህ አይያዝም፤ ብዙ የአማርኛ ስም ተራ ቃልም ነውና። ስለዚህ ኮድ አድራጊዎቹ (መልሱን አንብበው ምድብ የሚሰጡት ሰዎች) እያነበቡ ይሸፍናሉ፤ እስከዚያው ፋይሉ ወደ የትኛውም የኢንተርኔት አገልግሎት አይላክም።

2ኛ ቀን፦ ፊደልን አንድ ማድረግ

«ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓመት» እና «አመት»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ቃላት ናቸው። በዩኒኮድ የግዕዝ ፊደላት ዋናው ክልል ከ4608 እስከ 4991 ነው፤ እያንዳንዱ የፊደል ቤትም 8 ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ማዋሃዱ ተራ መደመርና መቀነስ ነው፦ ሐን ወደ ሀ ለማምጣት 16 መቀነስ፣ ኀን ወደ ሀ 128 መቀነስ፣ ሠን ወደ ሰ 16 መጨመር፣ ዐን ወደ አ 48 መቀነስ፣ ፀን ወደ ጸ 8 መቀነስ። ይህ ለሰባቱ ሆሄያት ብቻ ይሠራል። ስምንተኛው ቦታ እንደየቤቱ ስለሚለያይ አትንኩት። ለምሳሌ በዐ ቤት ባዶ ሲሆን በአ ቤት ኧ ተቀምጣበታለች። ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ፤ ሁለቱም 3 መቀነስ ናቸው።

የሚከፈል ዋጋ አለው። «ሰረቀ» እና «ሠረቀ» (ፀሐይ ወጣች ሲባል) አንድ ይሆናሉ፤ ሌባና ፀሐይ ይቀላቀላሉ። በዚህ ዓይነት አጭር መልስ ውስጥ ጉዳቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የሃይማኖት ወይም የታሪክ ጽሑፍ ላይ ብንሠራ ግን እንዲህ በጅምላ አናደርገውም ነበር።

ሥርዓተ ነጥብም እንዲሁ ነው። አራት ነጥብ ራሱን የቻለ ምልክት ነው፤ ቁጥሩ 4962። ብዙ ሰው ግን ሁለት ነጥብን (4961) ሁለት ጊዜ መትቶ ይጽፈዋል፣ ሌላው የላቲኑን ሁለት ነጥብ ይደግማል። ሦስቱም ስክሪን ላይ መንትያ ይመስላሉ። ሦስቱንም ወደ 4962 አመጣናቸው። ቀጥሎ ስክሪፕቱ ፊደልም አሃዝም ያልሆነውን ምልክት ሁሉ በክፍት ቦታ ተካ። ይህች የመጨረሻዋ መስመር በ11ኛው ቀን ትመለሳለች።

3ኛ ቀን፦ ቃል መቁረጥ አይሠራም

የመጀመሪያው ሐሳብ ቅጥያዎችን መቁረጥ ነበር፤ የ፣ በ፣ ለ፣ ከ ከፊት ሲመጡ አስወግዶ «በሥራዬ»ን ከ«ሥራ» ጋር ማገናኘት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተተወ። «በሽታ» በ ሲነሣለት «ሽታ» ይሆናል፤ የጤና መልስ የሽታ መልስ ሆነ ማለት ነው። «ከተማ» ወደ «ተማ»፣ «ለቅሶ» ወደ «ቅሶ» ይቆረጣል። የማይነኩ ቃላት ዝርዝር ማዘጋጀት ይቻላል፤ ነገር ግን ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም።

የተሻለው መንገድ ቃሉን ሳይቆርጡ ከ2 እስከ 5 ፊደል ርዝመት ባላቸው ቁርጥራጮች መቁጠር ነው። «በሥራዬ»፣ «ሥራዎች» እና «ለሥራ» ሁሉም «ሥራ» የሚለውን ቁራጭ ይጋራሉ፤ «በሽታ»ም ሙሉውን እንደያዘ ይቆያል። ሳይኪት-ለርን (የፓይተን የማሽን ትምህርት መሣሪያ) ላይ ቁርጥራጩ የቃል ድንበር እንዳያልፍ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እሱን ነው የወሰድነው።

እግረ መንገድ፣ ሥርወ ቃል ላይ መሥራት ለሚፈልግ፦ ከፊደሉ ቁጥር 4608 ቀንሶ ለ8 ማካፈል ነው። ድርሻው የፊደሉን ቤት፣ ቀሪው ሆሄውን ይሰጣል። በ 4704 ነው፤ 96 ለ8 ሲካፈል 12፣ ቀሪ 0፣ ማለትም ግዕዝ። ሽ 4669 ነው፤ 61 ለ8 ሲካፈል 7፣ ቀሪ 5፣ ማለትም ሳድስ። ታ 4723 ነው፤ 115 ለ8 ሲካፈል 14፣ ቀሪ 3፣ ማለትም ራብዕ። ምንም ተጨማሪ መሣሪያ አይፈልግም። መጥበቅና መላላትን ግን አይፈታም። «አለ» ተናገረ ይሁን ኖረ፣ «ይመታል» የተባለው መቺው ይሁን ተመቺው፣ ጽሑፉ ራሱ አይናገርም።

4ኛ–7ኛ ቀን፦ የኮድ መጽሐፉ

ከዚህ ሥራ ሁሉ ጊዜ የሚገባው ይኼ ክፍል ነው። ሁለት ሰዎች የማይስማሙበትን ምድብ ማሽን ሊማረው አይችልም፤ የሚማረው አለመስማማታቸውን ነው።

ከእያንዳንዱ ሰብሳቢ 5 መልስ በዕጣ ወጣ፤ 200 ሆነ። ሁለት ኮድ አድራጊዎች ሳይነጋገሩ እያንዳንዱን መልስ «መኖሪያ ቤትን ያነሣል» ወይም «አያነሣም» አሉ። አንድ መልስ ከአንድ ምድብ በላይ ሊገባ ስለሚችል እያንዳንዱ ምድብ ለብቻው አዎ ወይም አይ ይጠየቃል። ውጤቱ፦ ሁለቱም አዎ 28፣ የመጀመሪያው ብቻ አዎ 12፣ ሁለተኛው ብቻ አዎ 8፣ ሁለቱም አይ 152።

180 ከ200፣ ማለትም 90 በመቶ ተስማሙ። ይህ ቁጥር ያሞኛል። የመጀመሪያው 20 በመቶውን፣ ሁለተኛው 18 በመቶውን አዎ ብለዋል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በዚሁ መጠን ቢመድቡ እንኳ 0.2 በ0.18 ሲባዛ 0.036፣ 0.8 በ0.82 ሲባዛ 0.656፣ በድምሩ 0.692 ያህል በአጋጣሚ ይስማማሉ። ጃኮብ ኮሄን በ1960 ያቀረበው ካፓ የሚለካው ከአጋጣሚው በላይ ያለውን ነው፦ 0.90 ሲቀነስ 0.692፣ ለ0.308 ሲካፈል 0.68። ክሪፐንዶርፍ ለራሱ የስምምነት መለኪያ ለአልፋ ያስቀመጠው ልማድ 0.80 እና ከዚያ በላይ ለመደምደሚያ ይበቃል፣ ከ0.667 እስከ 0.80 ለጊዜያዊ ግምት ብቻ ይሆናል የሚል ነው። ካፓና አልፋ አንድ ባይሆኑም በሁለት ኮድ አድራጊዎች ተቀራራቢ ስለሆኑ ይህንኑ መለኪያ ያዝን። 0.68 አይበቃም።

ያልተስማሙባቸው 20 መልሶች አንድ በአንድ ተነበቡ። ሦስቱን እዚህ ማስፈር ይጠቅማል።

«ለቤት ኪራይ የሚሆን ገቢ የለኝም።» አንዱ ቤት አለ፣ ሌላው ገቢ። የተወሰነው፦ ለሁለቱም አዎ።

«ልጄ ተመርቆ ቤት ተቀምጧል።» ይህ የሥራ አጥነት መልስ ነው። ቤት የሚለው ቃል አለበት፤ የቤት ችግር የለበትም። የተወሰነው፦ «ቤት መቀመጥ»፣ «ቤት መዋል» ወደ ሥራ ይሂድ።

«ቤቴ ፈረሰ።» ግድግዳው ነው ወይስ ትዳሩ? ከመልሱ ብቻ መለየት አይቻልም። የተወሰነው፦ ሌላ ፍንጭ ከሌለ «ግልጽ ያልሆነ» የሚል የተለየ ኮድ፣ ለዚህ ምድብ ደግሞ አይ። መገመት የተከለከለ ነው፤ ሁለት ኮድ አድራጊዎች በአንድ አቅጣጫ ከገመቱ ካፓው ያድግና መረጃው ይበላሻል።

ደንቦቹ ከነምሳሌያቸው ተጽፈው መጽሐፉ 4 ገጽ ሆነ። 200ዎቹም በአዲሱ ደንብ እንደገና ኮድ ተደረጉ።

8ኛ ቀን፦ ናሙና

ከእያንዳንዱ ሰብሳቢ ተጨማሪ 20 መልስ በዕጣ ወጣ፦ 10 ለማሠልጠኛ (ሞዴሉ የሰውን ኮድ አይቶ የሚማርበት)፣ 10 ለመፈተኛ (ግምቱ ከሰው ኮድ ጋር የሚመዘንበት)። ከፊተኞቹ 5 ጋር ማሠልጠኛው 600፣ መፈተኛው 400 ሆነ። ዕጣው የወጣበት መነሻ ቁጥር በስክሪፕቱ ውስጥ ተጽፏል። ለምን በሰብሳቢ? የአጻጻፍ ልማድ የመላሹ ሳይሆን የጻፈው ሰው ነው፤ አርባውም እጆች በናሙናው ውስጥ በእኩል መጠን መገኘት አለባቸው። «ቤት» የሚል ቃል ያለባቸውን ብቻ መርጦ ኮድ ማድረግ የሚያጓጓ ፈጣን መንገድ ነው፤ ግን ከዚያ የሚወጣው ስህተት መጠን ለሌላው መልስ አይሠራም።

መፈተኛውን 400 ሁለቱም ኮድ አደረጉት፦ ሁለቱም አዎ 74፣ አንደኛው ብቻ 8፣ ሁለተኛው ብቻ 6፣ ሁለቱም አይ 312። ካፓ 0.89። 14ቱ ልዩነቶች በውይይት ተፈቱ፤ የመጨረሻው ቁጥር 80 አዎ፣ 320 አይ። አንድ ሰው በሰዓት 60 መልስ ያህል ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ የሚፈጥን ካለ መጽሐፉን መመልከት ትቷል ማለት ነው።

9ኛ ቀን፦ ሞዴሉ

ቁርጥራጮቹ በቲኤፍ-አይዲኤፍ (በየመልሱ ለሚገኝ ተራ ቁራጭ ትንሽ፣ ብርቅ ለሆነው ትልቅ ክብደት የሚሰጥ ስሌት) ተመዝነው ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ላይ ገቡ፤ ይህ የአዎን ዕድል የሚገምት ሞዴል ነው። ሞዴሉ ማሠልጠኛውን እንዳይሸመድድ የሚገታውን የቅጣት መጠን (0.1፣ 1፣ 10) ማሠልጠኛውን አምስት ቦታ ከፍለን መረጥን። ለ600 አጭር መልስ ከዚህ የከበደ ሞዴል አያስፈልግም። ትልቅ የቋንቋ ሞዴልን በመመሪያ ማስመደብም ይቻላል፤ ያኔ የሞዴሉን ስሪት፣ የመመሪያውን ሙሉ ቃልና ቀኑን መዝግቦ በዚሁ መፈተኛ ላይ ማስፈተን ግድ ነው። ከፈተናው የሚያድነው ነገር የለም።

አንድ የተሳሳትንበት ምርጫ አለ። አዎዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ክብደታቸው ከአይዎቹ ጋር እንዲመጣጠን የሚያደርገውን ምርጫ አበራነው። ይህ ሞዴሉ አዎ ለማለት ይበልጥ እንዲደፍር ያደርገዋል። ግለሰብ መልስን ለመፈለግ ይጠቅማል፤ ድርሻን ለመገመት ግን ቁጥሩን ወደ ላይ ይገፋል።

10ኛ ቀን፦ የመጀመሪያው ውጤት

በመፈተኛው ላይ፦ ከ80ዎቹ እውነተኛ አዎ 68 ተያዙ፣ 12 አመለጡ። ከ320ዎቹ አይ 288 ትክክል፣ 32 በስህተት አዎ ተባሉ። በአጠቃላይ 89 በመቶ ትክክል።

89 በመቶ ደኅና ይመስላል። አንድም መልስ ሳያነብ ለሁሉም አይ የሚል ሞዴል 80 በመቶ ያገኛል። መታየት ያለባቸው ሌሎች ናቸው፦ አዎን የመያዝ አቅሙ 68 ከ80፣ 0.85፤ አይን የመለየት አቅሙ 288 ከ320፣ 0.90፤ አዎ ካላቸው 100 ውስጥ እውነት የሆኑት 68 ብቻ። ከሦስት አዎ አንዱ ውሸት ነው። 0.85ቱ ራሱ የቆመው በ80 መልስ ላይ ስለሆነ የሚታመንበት ክልል ከ0.77 እስከ 0.93 ይደርሳል።

በሙሉው 2,400 ላይ ሞዴሉ 576 አዎ አለ፣ 24 በመቶ። የሮጋንና የግላደን የ1978 ቀመር ይህን ያርማል፦ ከተገኘው ድርሻና ከመለየት አቅሙ ድምር 1 ቀንስ፣ ከዚያ ለሁለቱ አቅሞች ድምር ሲቀነስ 1 አካፍል። 0.24 ሲደመር 0.90 ሲቀነስ 1፣ 0.14። ለ0.75 ሲካፈል 0.187። ያልታረመው 24፣ የታረመው 18.7 ነው።

አካባቢዎቹ ሲታዩ ግን አንድ ነገር ወጣ። በ3ኛው አካባቢ ሞዴሉ ከ300ው 123 አዎ አለ፣ 41 በመቶ። የቀሩት ሰባቱ በጋራ 453 ከ2,100፣ 21.6 በመቶ። የ19.4 ነጥብ ልዩነት! በሪግሬሽን ቢገባ በየትኛውም መመዘኛ «ጉልህ» ይወጣል። አልገባም፤ የሮጋንና የግላደን ቀመር የስህተቱ መጠን በሁሉም አካባቢ እኩል ነው ብሎ ይነሣል፣ ያንን ደግሞ ማንም አላረጋገጠም።

11ኛ ቀን፦ ስህተቶቹን ማንበብ

32ቱ የውሸት አዎዎች አንድ በአንድ ተነበቡ። መጀመሪያ የተነበቡት ከጸዳው ጽሑፍ ነበር፣ ምንም አልታየም። ከጥሬው ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ወዲያው ታየ።

ጥሬው፦ «ት/ቤት ሩቅ ነው ለልጆች»። የጸዳው፦ «ት ቤት ሩቅ ነው ለልጆች»።

የ2ኛው ቀን መስመር ናት። ሕዝባሩን (/) በክፍት ቦታ ተክታ ትምህርትን ከትምህርት ቤት ላይ ነጠቀችው፤ የቀረው ቤት ነው። «መ/ቤት»ም እንዲሁ ቤት ብቻ ሆኗል። በሙሉ የተጻፈው «ትምህርት ቤት» አላስቸገረም፤ ሞዴሉ «ትምህርት» የሚለውን ይዞ ወደ አይ ይሄዳል። በፊደል ቁርጥራጭ ፈንታ በሙሉ ቃል ብንሠራ የባሰ ይሆን ነበር፦ የሳይኪት-ለርን ነባር ቅንብር አንድ ፊደል ብቻ ያለውን ቃል ስለሚጥል «ት» ጭራሽ አትቆጠርም፣ «ሆ/ል» ተብሎ የተጻፈ ሆስፒታል ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል።

ከ32ቱ 19ኙ የዚህ ዓይነት ናቸው። 6ቱ «ቤት ተቀምጧል»፣ 4ቱ «ፍርድ ቤት»፣ 3ቱ የተለያዩ።

ቀጥሎ በእያንዳንዱ ሰብሳቢ መልሶች ውስጥ ሕዝባር ያለባቸው ተቆጠሩ። አብዛኞቹ ሰብሳቢዎች ከ60 መልስ በሁለት ወይም በሦስቱ ብቻ ተጠቅመዋል። አራቱ ከግማሽ በላይ። አራቱም 3ኛው አካባቢ ላይ የተሰማሩ ናቸው። 41 በመቶው የአካባቢው ኑሮ ሳይሆን የአራት ሰዎች የማሳጠር ልማድ ነበር። ስህተቱ ከአካባቢው ጋር አብሮ ስለሚሄድ ናሙናውን በአሥር እጥፍ ብናበዛው እንኳ አይጠፋም፤ ይበልጥ እርግጠኛ ሆነን እንሳሳታለን እንጂ።

12ኛ–13ኛ ቀን፦ እርማትና አዲስ መፈተኛ

ምልክቶች ከመጽዳታቸው በፊት ምህጻረ ቃላት እንዲፈቱ ተደረገ። በጥሬው ውስጥ ሕዝባር ወይም ነጥብ ያለባቸው ቃላት ሁሉ በድግግሞሻቸው ተደረደሩ፤ 46 ዓይነት ወጡ፤ በእጅ ተፈቱ። «ት/ቤት»፣ «ት.ቤት» እና «ትምህርት ቤት» ሦስቱም አንድ የተጣበቀ ቃል ሆኑ። «ፍርድ ቤት»፣ «መሥሪያ ቤት»ም እንዲሁ ተጣበቁ። «መጸዳጃ ቤት» አልተጣበቀም፤ በኮድ መጽሐፉ መሠረት የመኖሪያ ቤት ጉዳይ ነው። ክብደት ማመጣጠኛው ጠፋ።

አሮጌው መፈተኛ ላይ ውጤቱ መሻሻሉ ምንም አያስረዳም፤ ደንቦቹን ያወጣነው ከእሱ ስህተቶች ነውና ተበልቷል። ካልተነኩት 1,400 መልሶች ከእያንዳንዱ ሰብሳቢ 10፣ በድምሩ አዲስ 400 ወጡ። ሁለት ኮድ አድራጊዎች የሞዴሉን ግምት ሳያዩ ሠሩት፤ ግምቱን ያየ ሰው ወደ ግምቱ ያደላል።

አዲሱ ውጤት፦ ከ78 እውነተኛ አዎ 64 ተያዙ፣ 14 አመለጡ። ከ322 አይ 309 ትክክል፣ 13 የውሸት አዎ። የመያዝ አቅም 0.82፣ የመለየት 0.96። መያዙ በጥቂቱ ወርዷል፤ ማመጣጠኛው ስለጠፋ የሚጠበቅ ነው። በሙሉው 2,400 ላይ ሞዴሉ አሁን 480 አዎ ይላል፣ 20 በመቶ።

14ኛ ቀን፦ ድርሻውን መገመት

በሮጋንና ግላደን ቀመር 20.5 በመቶ ይወጣል። የመረጥነው ግን ሌላ መንገድ ነው፤ ስህተቱ በየቦታው እኩል ነው የሚል እምነት አይጠይቅም። የሞዴሉን ድርሻ በሙሉው መረጃ ውሰድ፣ በዕጣ በወጣው መፈተኛ ላይ የሰውና የሞዴል ልዩነት አማካይ ጨምርበት። በመፈተኛው ሰው 78፣ ሞዴል 77 አዎ ብለዋል፤ ልዩነቱ 1 ለ400፣ 0.0025። ግምቱ 20.25 በመቶ።

ይህ መንገድ የሞዴሉን እውነተኛ ዋጋም ያሳያል። ሰውና ሞዴል የተለያዩባቸው 27 መልሶች ናቸው፤ 27 ለ400 ሲካፈል 0.0675፣ እንደገና ለ400 ተካፍሎ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ ስታንዳርድ ኤረሩ (ግምቱ በዕጣው ምክንያት የሚዋዥቅበት መጠን) 1.3 ነጥብ። ሞዴሉን ጥለን 400ውን የእጅ ኮድ ብቻ ብንጠቀም 2.0 ነጥብ ይሆናል። በእጅ ብቻ 1.3 ላይ ለመድረስ 930 ያህል መልስ ያስፈልግ ነበር። ሞዴሉ የሰጠን ይህን ነው፦ ወደ 530 የሚጠጋ የእጅ ኮድ ቁጠባ። ኮድ አድራጊዎችን አልተካም። ማሠልጠኛውን 600 ወደዚህ ስሌት ማስገባት አይቻልም፤ ሞዴሉ ያያቸው መልሶች ላይ ስህተቱ ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል።

1.3 የሚመለከተው እነዚህን 2,400 መልሶች ብቻ ነው። ወደ ሕዝቡ ሲኬድ የናሙናው ስህተት ይጨመራል፤ እዚያም ሰብሳቢው አለ። በአንድ ሰብሳቢ የተጻፉ መልሶች ይመሳሰላሉ፤ የመመሳሰሉ መጠን 0.02 ብቻ ቢሆን እንኳ በሰብሳቢ 60 መልስ ሲኖር፣ መመሳሰሉ ናሙናውን ስንት እጥፍ እንደሚያሳንሰው የሚገምተው የኪሽ ቀመር 1 ሲደመር 59 በ0.02፣ 2.18 ይሰጣል። 2,400 መልስ ያለው መረጃ የ1,100 ያህል ነው ማለት ነው። ጥቂት ሰብሳቢ ቀጥሮ ብዙ ማሠራት የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው።

15ኛ ቀን፦ አካባቢዎቹ

ለሪግሬሽን እያንዳንዱ መልስ የታረመ ዋጋ ተሰጠው፦ የሞዴሉ ግምት፣ በአዲሱ መፈተኛ ላይ ላሉት ደግሞ የሰውና የሞዴሉ ልዩነት 6 ጊዜ ተባዝቶ ይጨመርበታል፤ ከ6 መልስ አንዱ በዕጣ ስለወጣ ነው። ዋጋዎቹ 0፣ 1፣ 6 እና ከዜሮ በታች 5 ይሆናሉ። ስለዚህ ሎጂስቲክ አይሆንም፤ ተራ ሪግሬሽን፣ ስታንዳርድ ኤረሩ በሰብሳቢ ተቧድኖ።

3ኛው አካባቢ ላይ ሞዴሉ አሁን 66 ከ300 አዎ ይላል፣ 22 በመቶ። ከዚያ አካባቢ በመፈተኛው ያሉት 50 ብቻ ናቸው፦ ሰው 10፣ ሞዴል 11፤ የተለያዩባቸው 5። ግምቱ 20 በመቶ፣ ስታንዳርድ ኤረሩ ግን 4.5 ነጥብ። ከ11 እስከ 29 የሚዘረጋ ክልል ለንጽጽር አይበቃም።

ተጨማሪ ስሌት ከመፈለግ መቁጠር ቀለለ። ከአካባቢው 300 መልስ በእስካሁኑ ዙር 175ቱ በእጅ ኮድ ተደርገዋል። የቀሩት 125 ናቸው፤ የአንድ ሰው ሁለት ሰዓት ሥራ። ተሠሩ። ሙሉው የእጅ ቁጥር 63 ከ300፣ 21 በመቶ። የቀሩት ሰባት አካባቢዎች በታረመው ግምት 20.3 በመቶ። የ19.4 ነጥቡ ልዩነት 0.7 ሆነ፤ የ3ኛው አካባቢ ናሙና ብቻ፣ የሰብሳቢው መመሳሰል ሲታሰብበት፣ 3.5 ነጥብ ያህል ስታንዳርድ ኤረር አለው።

ለሚቀጥለው ዙር ሁለት ለውጥ ተመዝግቧል። የታብሌቱ ቅጽ ሕዝባር ያለበት ቃል ሲገባ ቆሞ በሙሉ እንዲጻፍ ይጠይቃል። ሰብሳቢዎቹም በአካባቢ ከመታጠር ይልቅ እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሁለት አካባቢ ላይ ይሠራሉ፤ ያኔ የእጁና የቦታው ውጤት ሊለይ ይችላል።